ባንድሶን ማሳደግ፦ ከ15 ወደ 30 ሳንቲሜትር

ወፍራም እንጨት ሰንጥቆ ስስ ጣውላ በማውጣት በአናጢ ቤት ባንድሶን የሚስተካከል መጋዝ የለም። የሰርኩላር መጋዝ ዲስክ ከጠረጴዛው በላይ የሚወጣው ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ ስለሆነ ሰፊ ጣውላ በጎኑ አቁሞ ለመሰንጠቅ አይመችም፤ በዚያ ላይ በእያንዳንዱ ቅድ 3 ሚሊሜትር ያህል እንጨት ሰጋቱራ ሆኖ ይቀራል። ባንድሶ የዚያን ግማሽ እንኳ አያባክንም። ዋንዛን የመሰለ ውድ እንጨት ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ቁጠባ አይደለም። አንዱን ሰፊ ጣውላ ለሁለት ሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ቢዘረጋው ደግሞ የግራና የቀኙ መልክ ተመሳሳይ የሆነ የቁም ሣጥን በር ይወጣዋል።

የማሽኑ አሠራር ቀላል ነው። ሁለት መዘውሮች አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ይቀመጣሉ። ጫፍና ጫፉ የተበየደ፣ ጥርስ ያለው ቀጭን የብረት ቀበቶ፣ ማለትም ላማው፣ በሁለቱ ላይ ይዞራል። ሞተሩ የታችኛውን መዘውር ሲያዞር ላማው ሁልጊዜ ወደ ታች እየቆረጠ እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ ይጫነዋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ እንግሊዛዊው ዊልያም ኒውቤሪ የፈጠራ መብት ያገኘበት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ነገር ግን የዚያ ዘመን ላማ ከብየዳው ላይ ቶሎ ቶሎ እየተበጠሰ ማሽኑ ለረጅም ጊዜ ጥቅም ላይ ሳይውል ቆየ። ችግሩን የፈታችው አን ፖሊን ክሬፓን የተባለች ፈረንሳዊት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1846 ለብየዳ ዘዴዋ የፈጠራ መብት አግኝታ በኋላ መብቱን ለፓሪሱ የፔሪን ኩባንያ ሸጠችለት።

በትናንሽ የእንጨት ሥራ ቤቶች በብዛት የሚታየው ባለ 14 ኢንች ባንድሶ ነው። ቁጥሩ የመዘውሩን ስፋት ይናገራል፤ 35 ሳንቲሜትር ገደማ ማለት ነው። ይህን ቅርጽ ያስፋፋው የአሜሪካው ዴልታ ኩባንያ ሲሆን፣ በኋላም የታይዋንና የቻይና ፋብሪካዎች እየቀዱ አባዝተውታል። የማሽኑ አካል ቀልጦ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ሁለት ክፍል ነው፤ የላይኛው ክንድ በታችኛው ላይ ተቀምጦ በአንድ ወፍራም ቡሎን ይታሰራል። በጠረጴዛውና በላይኛው ጋይድ (ላማውን በመስመሩ በሚይዘው መያዣ) መካከል ያለው ክፍተት 15 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ከዚያ የሚሰፋ ጣውላ በጎኑ ቆሞ አያልፍም።

ማሳደጊያው የሚገባው እዚህ መጋጠሚያ ላይ ነው። 15 ሳንቲሜትር ቁመት ያለው የብረት ብሎክ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ሲገባ ክፍተቱ 30 ሳንቲሜትር ይሆናል። ከብሎኩ ጋር ረጅም ቡሎን፣ ረጅም የጋይድ ዘንግና ረዘም ያሉ የላማ መከለያዎች አብረው ይመጣሉ። ላማው በፊትም በኋላም ስለሚያልፍ የብሎኩ ቁመት በእጥፍ ይታሰባል፦ 237 ሳንቲሜትር የነበረው ላማ አሁን 267 ሳንቲሜትር መሆን አለበት። የድሮዎቹ ላማዎች ከእንግዲህ አያገለግሉም።

ገጠማው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ክንዱ ከባድ ነው። መጀመሪያ ሶኬቱ ይነቀላል፣ ላማው ይወጣል፣ ቡሎኑ ይፈታል። መጋጠሚያው ከቆሻሻና ከዝገት ከጸዳ በኋላ ብሎኩ በማስተካከያ ፒኖቹ ላይ ይቀመጥና ክንዱ ይመለሳል። ከዚያ ረጅም ቀጥ ያለ ማስመሪያ በሁለቱ መዘውሮች ፊት ላይ ተጋድሞ በአንድ መስመር መሆናቸው ይታያል። የጋይዱ ዘንግ ከላይ እስከ ታች ሲወርድ ከላማው መስመር የሚወጣ ከሆነም መታረም አለበት፤ አለዚያ የእንጨቱ ስፋት በተለወጠ ቁጥር ጋይዱን እንደገና ማስተካከል ግድ ይሆናል።

ብዙ ሰው ሥራው እዚህ ያበቃ ይመስለዋል። ብሎኩ ግን ቦታ ይሰጣል እንጂ ጉልበት አይሰጥም። 30 ሳንቲሜትር የሚሰፋ እንጨት በዚያው ፍጥነት ልግፋ ቢባል የሚቆረጠው እንጨት እጥፍ ነው፤ የሚፈለገው ኃይልም እንዲሁ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ግማሽ ወይም ሦስት አራተኛ የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚህ ላይ ያቃስታል። 1 የፈረስ ጉልበት ቢያንስ ያስፈልጋል፤ አንድ ተኩል ቢሆን ይመረጣል።

ማሽኑ ከአሜሪካ በኮንቴይነር ለመጣለት ኢትዮጵያዊ አናጢ ሌላም ጣጣ አለ። የዚያ አገር ሞተር የተሠራው ለ60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ ኸርዙን አይነካውም፤ ሞተሩ ፍጥነቱ በስድስተኛ እጅ ይቀንሳል፣ ይግላልም። የሚሻለው ባለ 220 ቮልት፣ ባለ 50 ኸርዝ ሞተር ገዝቶ የሞተሩን ፑሌጃ (የማስተላለፊያ ቀበቶው የሚዞርበትን ትንሽ መዘውር) ዲያሜትር በአንድ አምስተኛ ማሳደግ ነው፤ ላማው ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ይመለሳል። ፑሌጃው በአዲሱ ሞተር ዘንግ ልክ መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ አይዘንጋ።

ከሞተሩ እኩል የሚያስፈልገው የላማው ምርጫ ነው። በየጥርሱ መካከል ያለው ጎድጓዳ ቦታ ሰጋቱራውን ይዞ ከእንጨቱ እስኪወጣ ድረስ መሸከም አለበት። በአንድ ኢንች 6 ጥርስ ያለው ላማ 30 ሳንቲሜትር እንጨት ውስጥ ሲገባ 72 ያህል ጥርሶች በአንዴ ይሠራሉ፤ ጎድጓዳዎቹ ጠባብ ስለሆኑ ይሞላሉ፣ ላማው ይግላል፣ ቅዱም ይወላገዳል። ለመሰንጠቅ የሚሻለው በአንድ ኢንች 3 ጥርስ ያለው ነው።

ውጥረቱም አለ። ረጅም የክራር ክር መሐሉን ሲጫኑት ከአጭሩ ይልቅ እንደሚለጠጥ ሁሉ፣ በሁለቱ ጋይዶች መካከል ርቀቱ የጨመረ ላማም በቀላሉ ይጎብጣል፤ ከላይ ቀጥ ብሎ የተጀመረው ቅድ እንጨቱ መሐል ሆድ ያወጣል። መድኃኒቱ ላማውን በደንብ መወጠር ነው። ዕድሜ የጠገበ ማሽን ላማውን የሚወጥረው ሞላ ስለሚደክም በጠንካራ ሞላ መቀየሩ ይረዳል። ይሁን እንጂ ሰፊ ላማ ይሻላል ብሎ 19 ሚሊሜትር መግዛት አያዋጣም፤ የዚህ ማሽን አካል ያን ያህል ሰፊ ላማ በሚገባው ልክ ለመወጠር አቅም የለውም። 13 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ስል ላማ የተሻለ ይሠራል።

ብሎኩ የማይለውጠው ነገርም መታወቅ አለበት። ከላማው እስከ ማሽኑ አምድ ያለው ርቀት እንደ ነበረው 34 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። አካላቸው ከታጠፈ ላሜራ የተበየደ ባንድሶዎችና ባለ ሦስት መዘውሮቹ ከነጭራሹ ብሎክ አይቀበሉም፤ ሁለት ክፍል ለሆነው እንኳ ብሎኩ ከማሽኑ ሞዴል ጋር መግጠሙ መረጋገጥ አለበት። ክፍተቱ ስለጨመረ አደጋውም ጨምሯልና ጠባብ እንጨት ሲቆረጥ ጋይዱ እስከ እንጨቱ አናት ድረስ ይውረድ፤ ያለ ሥራ የተጋለጠ ላማ ጣት ይወስዳል።

እንግዲህ በወር ጥቂት ሰፊ ጣውላ ለሚሰነጥቅ አናጢ ማሳደጊያው ከአዲስ ማሽን እጅግ የረከሰ ጥሩ መፍትሔ ነው። ሥራው በየቀኑ መሰንጠቅ ለሆነ ግን ገንዘቡን አጠራቅሞ ባለ 18 ኢንች ባንድሶ ቢገዛ ይሻለዋል። ከሁለቱም በፊት ግን ባለ 3 ጥርስ አዲስ ላማ ይግዙ፣ መዘውሮቹንና ጋይዶቹን ያስተካክሉ፣ አሁን ባለዎት 15 ሳንቲሜትር ላይም ይሞክሩት። እዚያ ላይ ቀጥ ብሎ ያልሰነጠቀ ማሽን 30 ላይ አይሰነጥቅም።