አያትህ ማን ናት? ከእኛ 100 ዓመት ቀድመው እዚህ አገር የደረሱት 64 ልጆች

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የአባታችሁን አባት ስም ታውቃላችሁ፤ እሱ አያጠራጥርም። የእሱን አባትስ? የእናታችሁን እናት ስም ከነአባቷ ትጠሩታላችሁ? እሺ እናንተ ታውቃላችሁ እንበል። እዚህ አይቮሪ ፓርክ፣ ቴምቢሳ ወይም ጄፒ የተወለዱት ልጆቻችሁስ?

እኔ ምግብ ቤት ነው የምሠራው። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤተሰቡ ሁሉ ይመጣል። ሕፃናቱን «የማን ልጅ ነህ?» ስላቸው ቶሎ ይመልሳሉ። «የማን የልጅ ልጅ ነህ?» ስል ግን ወደ አባታቸው ዞረው ያያሉ። አንዳንዱ አባት ራሱ ትንሽ ያስባል። እኛ ግን ያደግነው ሰባት ቤት እየቆጠርን ነው። በአገራችን ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው ዘር ይቆጥራሉ። መጽሐፍ አያስፈልጋቸውም፣ በቃል ነው የያዙት። ችግሩ በቃል የተያዘ ነገር ከሰውየው ጋር መቀበሩ ነው።

እንግሊዞችን ተመልከቱ። ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ የተሰደደ ሰው የልጅ ልጅ ልጅ ዛሬ ተነስቶ ቅድመ አያቱን ቢፈልግ ያገኛል። የእንግሊዝ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናት ከ1538 ጀምሮ ጥምቀቱን፣ ጋብቻውን፣ ቀብሩን ይመዘግባሉ። መንግሥት ደግሞ ከ1837 ጀምሮ ልደትና ሞት መዝግቧል። ኒው ዮርክ ወደብ ሲደርስም ስሙ በመርከብ ተሳፋሪዎች ዝርዝር ላይ ነበር። በእኛ አገር ግን የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2016 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ማለት ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ «ዓ.ም.» ካላልኩ ዓመቱ በፈረንጅ ነው።) ስለዚህ «የእኛ ነገር አይገኝም፣ ተዉት» የሚል ሰው ብዙ ነው።

እኔ ግን አንድ የተገኘ ታሪክ ልንገራችሁ። የተገኘውም እዚሁ ደቡብ አፍሪካ ነው።

ቀይ ባሕር ላይ

በ1880ዎቹ መጨረሻ አገራችን ላይ ክፉ ቀን መጣ። በ1887 በምጽዋ በኩል የገባ የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፤ በሬ ሲያልቅ ማረስ ቀረ፤ ዝናቡም ጠፋ፤ ረሀብ ሆነ። በዚህ መሀል የባሪያ ነጋዴ ገበያው ደራለት። ወላጅ የሞተበት ልጅ፣ ከመንገድ የተነጠቀ ልጅ፣ በእህል የተለወጠ ልጅ ወደ ባሕር ተነዳ።

በሴፕቴምበር 16፣ 1888፣ በእኛ መስከረም 1881 ዓ.ም. አገር ቤት ዘመን መለወጫ ባለፈ በሳምንቱ ገደማ፣ ኦስፕሬይ የምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ባሪያ የጫኑ ጀልባዎችን ያዘች። ጀልባዎቹ ላይ ከ200 በላይ ሰው ነበር፤ ብዙዎቹ የኦሮሞ ልጆች ናቸው። መርከቧ ወደ ኤደን ወሰደቻቸው። ከልጆቹ የተወሰኑትን ከኤደን አጠገብ ሼክ ዑስማን የሚባል ቦታ ላይ የነበሩ የስኮትላንድ ሚሲዮኖች ተቀበሏቸው። በዓመቱ ሌሎች ነፃ የወጡ ልጆች ተጨመሩ። ነገር ግን ቦታው አልተስማማቸውም፤ በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ ልጅ ሞተ። ሚሲዮኖቹም የተሻለ አየር ያለበት ቦታ ፈልገው 64ቱን፣ 42 ወንዶችና 22 ሴቶች፣ በመርከብ ወደ ደቡብ አፍሪካ ላኳቸው። በ1890 ኢስተርን ኬፕ፣ አሊስ ከተማ አጠገብ ያለው የሎቭዴል ትምህርት ቤት ደረሱ።

ሎቭዴልን ልጆቻችሁ በትምህርት ሳይሰሙት አይቀሩም። በኋላ ዘመን ታቦ ምቤኪና ክሪስ ሀኒ የተማሩበት ነው። ከእነሱ ግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቀድመው የእኛ አገር ልጆች እዚያ ቁጭ ብለው ፊደል ቆጥረዋል።

የተጠየቁት ጥያቄ

አሁን ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሚሲዮኖቹ ልጆቹን አንድ በአንድ በአስተርጓሚ ጠየቋቸው፣ መልሱንም ጻፉት። አባትህ ማን ይባላል? እናትህስ? ስንት ወንድምና እህት አለህ? ቤተሰብህ ስንት ከብት፣ ምን ያህል መሬት ነበረው? ማን ወሰደህ? በስንት ሰው እጅ አለፍክ? በየት በየት መጣህ? ገና ወላጁ ከዓይኑ ያልጠፋ ልጅ የተናገረው ቃል ወረቀት ላይ ቀረ።

ያ ወረቀት አልጠፋም። የሎቭዴል መዛግብት ዛሬ በማካንዳ ከተማ (ድሮ ግራሃምስታውን)፣ ሮድስ ዩኒቨርሲቲ ባለው የኮሪ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ሳንድራ ሮዎልት ሼል የምትባል ደቡብ አፍሪካዊት የታሪክ ተመራማሪ የ64ቱን ቃል ሰብስባ፣ የመጡበትን መንገድ በካርታ አስይዛ በ2018 መጽሐፍ አወጣች።

ሁሉም ዕድሜ አላገኙም፤ ብዙዎቹ በበሽታ በለጋነታቸው ሞቱ። ሌሎቹ እዚሁ አገር ሥራ ይዘው፣ ትዳር መሥርተው ቀሩ። ከፊሎቹ ደግሞ አገራቸውን አልረሱም፤ በ1909 ጥቂቶቹ ተሰብስበው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ከ20 ዓመት በኋላ ማለት ነው። አገር ቤት ለመግባት ስንት ዓመታችሁ እንደሆነ የምትቆጥሩ ሰዎች፣ ይህን ታውቁታላችሁ።

ቢሾ የጃርሳ ልጅ

ከ22ቱ ልጃገረዶች አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባላለች። ጃርሳ በእኛ ወግ የአባት ስም ነው፤ በኦሮምኛ ሽማግሌ ማለት ነው። አባትና እናቷ በክፉው ቀን ሞቱባት። ከዚያ በጥቂት በቆሎ ተሸጠች። ደግማችሁ አንብቡት፤ አንዲት ልጅ፣ በጥቂት በቆሎ።

ሎቭዴል ለቤት ሠራተኝነት ሲያሠለጥናት ጎበዝ ሆና ተገኘችና አስተማሪነት ተማረች። ከልጃገረዶቹ ለዚያ የበቁት ሁለት ብቻ ናቸው። በ1902 ክራዶክ ከተማ ገብታ ማስተማር ጀመረች። በ1911 ፍሬድሪክ ስኬፐርስ የሚባል የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ አገባች። ልጃቸው ዲምቢቲ ቢሾ አስተማሪ ሆነች። የዲምቢቲ ልጅ ደግሞ በ1936 ክራዶክ ተወለደ፤ ዶክተር ኔቪል አሌክሳንደር። አፓርታይድን ታግለው ከ1964 እስከ 1974 ሮበን ደሴት ላይ 10 ዓመት የታሰሩት፣ ከማንዴላ ጋር በአንድ እስር ቤት የነበሩት፣ እኚህ ሰው የአንዲት ኢትዮጵያዊት የልጅ ልጅ ናቸው።

ኔቪል ልጅ ሳሉ አያታቸው አርጅተው ከራሳቸው ጋር ያወሩ ነበር። ቋንቋው ለልጆቹ አይገባቸውም። ምን እያሉ ነው ብለው ሲጠይቁ እናታቸው፣ ከእግዚአብሔር ጋር እየተነጋገሩ ነው ትላቸው ነበር። አሮጊቷ የሚያወሩት በኦሮምኛ ነበር። ኔቪል የአያታቸውን ታሪክ ያወቁት ከፍ ካሉ በኋላ ነው።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። እናት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፤ አንድ ቤት ውስጥ ናቸው፤ ቋንቋው ግን የአሮጊቷ አፍ ላይ ብቻ ቀርቷል። የሚመልስላቸው ሰው የለም። ዶክተር ኔቪል በኋላ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከታገሉላቸው ነገሮች አንዱ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ነው። በ2012 ኬፕታውን ውስጥ አረፉ።

እኛ ቤትስ?

ቢሾን በግድ ነው ያመጧት። እኛ በራሳችን ፈቃድ ነው የመጣነው፤ ያው እንጀራ ፈቃድ ከተባለ። ሁለቱን አንድ ነው አልልም። ግን አያት ለልጅ ልጅ እንግዳ የሚሆንበት መንገድ አንድ ዓይነት ነው። ልጆቻችን እንግሊዝኛና ዙሉ ያወራሉ፤ እሰየው፣ የሚያድጉበት አገር ቋንቋ ነው። ስልክ ላይ ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ካለችው አያታቸው ጋር ሲያገናኙዋቸው ግን «ሃሎ» ብለው ስልኩን ይመልሳሉ።

ሌላም አለ። ሎኬሽን ውስጥ ሱቅ ያለን ሰዎች ስማችን ምንድነው? «ማይ ፍሬንድ» ነው። ደንበኛው በዚያ ይጠራናል፣ እኛም ለምደነዋል። ጓደኛ ደግሞ በቅጽል ስም ይጠራናል። ወረቀታችን ላይ ሌላ ስም አለ። አንድ ቀን፣ እግዜር አያምጣውና፣ ክፉ ነገር ሲደርስ መዋጮ እናዋጣለን፣ ሬሳ ወደ አገር እንልካለን። ያኔ የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን ልጅ ነው? የየት ቀበሌ ነው?» የሚል ነው። ለዓመታት አብሮን ቡና የጠጣ ሰው ሆኖ መልሱን የሚያውቅ ሲጠፋ አይቻለሁ። ስለዚህ ይህ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም።

እንዴት እንጀምር?

አንድ ደብተር ግዙ። ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፤ ደብተር ይሻላል።

ስም፦ ትልቁ ችግራችን ይህ ነው። ለምሳሌ አባትየው ታደሰ ላምቤቦ ኤርጃቦ ነው እንበል። የዚህ አገር ወረቀት «ሰርኔም» ስለሚል ኤርጃቦ የቤተሰብ ስም ይሆናል። ልጁ ናታን ኤርጃቦ ተብሎ ይመዘገባል። በእኛ ወግ ግን ናታን ታደሰ ላምቤቦ ነው። ወረቀቱ ላይ አባትም አያትም ጠፉ፣ ልጁ በቅድመ አያቱ ስም ቀረ። ይህን ካልጻፋችሁለት የልጅ ልጃችሁ ታደሰ ማን እንደሆነ አያገኝም። ስሙ በእንግሊዝኛ በየወረቀቱ እንዴት እንደተጻፈም አስቀምጡ፤ አንዱ ቢሮ በአንድ ፊደል፣ ሌላው በሌላ ይጽፈዋል። የክርስትና ስምና የቤት ስም ካለም ጨምሩ።

ቀን፦ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 7 ዓመት፣ ከፈረንጅ አዲስ ዓመት በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው ልዩነቱ። ጥቅምት 1975 ዓ.ም. ኦክቶበር 1982 ነው፤ ጥር 1975 ዓ.ም. ግን ጃንዋሪ 1983 ነው። ብዙዎቻችን ወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 የተወለድን ነን፤ እናታችሁ የምታስታውሰውን፣ «የመስቀል ማግስት» እንኳ ቢሆን፣ እሱን ጻፉ።

ቦታ፦ መንደሩን፣ ቀበሌውን፣ ወረዳውን፣ ቅርቡን ገበያና ወንዝ ጻፉ። የክልል ስም ይለወጣል። የሐዲያና የከምባታ ሰው ከ1983 ዓ.ም. በፊት የተጻፈ ወረቀቱ ላይ ሸዋ ክፍለ ሀገር ይላል፣ ከዚያ ደቡብ ክልል ይላል፣ ከ2023 ወዲህ ደግሞ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ነው። ወንዙ ግን ስሙን አይቀይርም።

ወረቀት፦ የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ካርድ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የሠርግ ፎቶ። አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሲገኝ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ፎቶው ጀርባ ላይ ማን ማን እንደሆነ ይጻፍ።

መንገዱ፦ ይህ ከባዱ ነው። እኔም በሞያሌ፣ በናይሮቢ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ አድርጌ ነው የመጣሁት፤ ብዙዎቻችሁም እንደዚያው። ለልጅ ሁሉ ነገር አይነገርም። ለትንሹ ትንሹን ንገሩት፣ ሲያድግ ጨምሩለት። ያየነውን ደብቀን ከሄድን ግን ልጆቻችን «አባቴ ዝም ብሎ የሚያኮርፍ ሰው ነበር» ብቻ ብለው ይቀራሉ።

ለእናንተ ለልጆች

ይህን ገጽ ቆርጣችሁ ያዙና በዚህ ሳምንት አንድ ትልቅ ሰው ጠይቁ። ሎቭዴል የደረሱት ልጆች ከተጠየቁት ጋር ይመሳሰላል።

1. አያቴ ማን ይባላሉ? የእሳቸው አባትስ? እስከ ሰባት ድረስ ቁጠሩልኝ።
2. እናትዎ ማን ይባላሉ? ከየት አገር ተዳሩ?
3. ስንት ወንድምና እህት አለዎት? በቅደም ተከተል ይንገሩኝ።
4. ቤታችሁ ምን ከብት ነበር? የላሟ ስም ማን ነበር?
5. ቤት ውስጥ የምታወሩት በምን ቋንቋ ነበር? አምስት ቃል ያስተምሩኝ።
6. ከአገር የወጡ ቀን ማን ሸኘዎት? ምን ያዙ?
7. እዚህ ሲደርሱ መጀመሪያ ያስጠጋዎት ማነው?
8. ስሜን ማን አወጣው? ለምን?

መልሱን በምትችሉት ቋንቋ ጻፉት። አማርኛ መጻፍ ካልቻላችሁ አባባ ይጻፍላችሁ። አያት ስልክ ላይ ከሆኑ ድምፃቸውን ቅዱት፤ እየደጋገሙ ቢያወሩም አታቋርጧቸው።

ሌላው የማሳስባችሁ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ ኬፕ የምትሄዱ ካላችሁ በአሊስ በኩል እለፉ። ከጆበርግ ሙሉ ቀን ያስነዳል። ልጆቹን አውርዳችሁ «ከ100 ዓመት በፊት የአገራችን ልጆች እዚህ ተምረዋል» በሏቸው። ቢሾ ጃርሳ የአባቷን ስም በልጅነቷ ተናግራ ስለተጻፈላት ነው ዛሬ ጃርሳ የሚባል ሰው እንደነበረ የምናውቀው። የእናንተንም አባት ስም ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ጻፉት።