የመጡበት ወይስ ያሉበት?

ማክ ኮምፒውተር ያለው ሰው ይህን አሁኑኑ ሊሞክረው ይችላል። ተርሚናሉን ከፍተው በ«ሲዲ» ትዕዛዝ ከዲስኩ ሥር ወዳለው ጊዜያዊ ፎልደር፣ ወደ ቲኤምፒ፣ ይግቡ። ከዚያ በላይ ያለው ፎልደር ምን እንደያዘ «ኤልኤስ ..» ብለው ይጠይቁ። አፕሊኬሽንስ፣ ዩዘርስ የሚሉ ስሞችን ሲጠብቁ የሚመጣው ፕራይቬት የሚባል የሌላ ፎልደር ይዘት ነው። እዚያው ቆመው «ሲዲ ..» ቢሉ ግን ወደ ዲስኩ ሥር ይመለሳሉ። ሁለቱ ነጥቦች ያው ናቸው፤ መልሱ ግን ተለያየ።

ምክንያቱ ሲምቦሊክ ሊንክ ነው። ቲኤምፒ የሚለው ስም እውነተኛ ፎልደር አይደለም፤ «የምትፈልጉት ፕራይቬት ውስጥ ነው» የሚል አድራሻ ብቻ የያዘ ትንሽ ፋይል ነው። ይህ ዓይነቱ ሊንክ በዩኒክስ ዘንድ የተስፋፋው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው የዩኒክስ ዝርያ፣ በ4.2 ቢኤስዲ፣ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው፣ ለአንድ ፋይል ሁለተኛ ስም የሚሰጠው ሃርድ ሊንክ ከአንድ ፋይል ሲስተም ወደ ሌላው መሻገር አይችልም።

መልሱን የሚሰጡት ሁለት የተለያዩ አካላት ናቸው። የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል የሚያውቀው አሁን ያሉበትን ፎልደር እንጂ የመጡበትን መንገድ አይደለም፤ «..» ሲባል የዚያን ፎልደር እውነተኛ ወላጅ ያሳያል። በተርሚናሉ ትዕዛዝዎን የሚቀበሉት፣ ባሽና ዚሼልን የመሰሉ ሼሎች ግን መንገዱን በጽሑፍ ይዘውታል፤ «ሲዲ ..» ሲሏቸው የመጨረሻውን ስም ቆርጠው በመጡበት ይመልሱዎታል። በጎረቤት ግቢ በኩል የገባ እንግዳ በዋናው በር ቢወጣ ሌላ መንገድ ላይ ራሱን ያገኘዋል። ሼሉ እንግዳውን በገባበት በር ይሸኘዋል፤ ከርነሉ በዋናው በር ያስወጣዋል።

በእኔ እምነት የሼሉ አሠራር ለመዘዋወር ጥሩ ነው፤ ለመቅዳትና ለመሰረዝ ግን አደገኛ ነው። «ሲፒ» እና «አርኤም» የሚጠይቁት ከርነሉን ነውና። በ«ሲዲ ..» አይቶ ያረጋገጠው ሰው፣ በ«..» የሚቀዳው ፋይል ሌላ ቦታ ያርፍበታል።

ዊንዶውስ ሌላ መንገድ መረጠ። አንዱን ፎልደር ወደ ሌላው የሚመራ ጃንክሽን ከዊንዶውስ 2000፣ ሲምቦሊክ ሊንክ ደግሞ ከቪስታ ጀምሮ አለው። በተለመደው አሠራሩ «..»ን ከአድራሻው ጽሑፍ ላይ አስቀድሞ ስለሚቆርጠው፣ ትዕዛዙ ሁሉ በመጡበት መንገድ ይመለሳል። (ዴስክቶፕ ላይ የምናውቀው ሾርትከት ሊንክ አይደለም፤ «ሲዲ» ሊገባበት አይችልም።) ስለዚህ በሊንክ ውስጥ በ«..» የሚሄድ ስክሪፕት ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ሲዛወር ሌላ ፎልደር ሊነካ ይችላል። ፕሮግራመሩ ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ2000 ባቀረበው ጽሑፍ የፕላን 9 ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከርነል ራሱ የመጡበትን ስም እንዲያስታውስ አድርጎ ችግሩን ከሥሩ ፈታው፤ ሊኑክስና ማክ ግን እስከ ዛሬ በሁለቱ መልሶች ይኖራሉ።

በማክ ወይም በሊኑክስ ላይ «..» ያለበትን የመሰረዝ ትዕዛዝ ከመጻፍዎ በፊት «ፒደብሊውዲ» ብለው ሰረዝና ትልቁን ፒ ይጨምሩ። በእርግጥ ያሉበትን ቦታ የሚነግርዎት እሱ ነው።