ለልጄ ፓስፖርት ማን ይፈርምልኝ?

ብሪታንያ ውስጥ ለልጁ የመጀመሪያ ፓስፖርት የሚያመለክት ወላጅ የልደት ምስክር ወረቀቱን አውጥቶ፣ ሕፃኑን ፎቶ አስነስቶ፣ ክፍያውንም ከፍሎ ሲያበቃ ሰው ፍለጋ ይቀረዋል። የፓስፖርት መሥሪያ ቤቱ ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ አንድ ሰው ወላጁን እንደሚያውቅና በፎቶው ላይ የሚታየው ልጅ በእርግጥ የተባለው ልጅ መሆኑን እንዲመሰክር ይጠይቃል። ጉዳዩ በአንድ ፊርማ ብቻ አያልቅም። የልጅ ፓስፖርት የሚያገለግለው 5 ዓመት ነው፤ ልጁ 12 ዓመት እስኪሞላው ድረስም በታደሰ ቁጥር ምስክር ያስፈልጋል። ስለዚህ ገና በአራስነቱ ፓስፖርት የወጣለት ልጅ 3 ጊዜ ፈራሚ ሊፈለግለት ይችላል። ሦስት ልጆች ያሉት ቤት ሒሳቡን ራሱ ይምታው። ይህን ሥርዓት ከሥሩ የሚያማርሩ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ምስክር መጠየቁ ተገቢ ነው፣ ያልተገባው ምስክሩ የሚመረጥበት መለኪያ ነው ባይ ነኝ።

ደንቡን ብዙ ሰው ከሚፈራው በላይ ሳይሆን በሚገባው ልክ ማወቅ ይበጃል። ፈራሚው ቢያንስ 2 ዓመት ማወቅ ያለበት ቅጹን የፈረመውን ወላጅ ነው። የሁለት ወር ሕፃን ለሁለት ዓመት የሚያውቅ ሰው ከየት ይመጣል ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ከልጁ በኩል የሚፈለገው ፎቶውን አይቶ መለየት መቻሉ ነው። ፈራሚው በሥጋም ሆነ በጋብቻ የማይዛመድ፣ በአንድ ቤት የማይኖር፣ ራሱም ጊዜው ያላለፈበት የብሪታንያ ወይም የአየርላንድ ፓስፖርት ያለው መሆን አለበት። ትውውቁም በሥራ ብቻ መሆን የለበትም። መጀመሪያ በሐሳብ የሚመጡት ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት በዚህ ምክንያት ነው። የቤተሰቡ ሐኪም በወዳጅነት ካላወቃቸው በቀር አይፈርምም። የልጁ አስተማሪ ልጁን በየቀኑ ብታየውም እናቱን የምታውቃት በትምህርት ቤቱ በር ላይ በሰላምታ ብቻ ከሆነ ምስክርነቷ አይጸናም። በእኛ ዘንድ ደግሞ የተለየ ወጥመድ አለ። ልጆቻችን የአባታቸውን ጓደኛ «አጎቴ» ይላሉ፤ ጓደኛውም ዝምድና አለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ በፍቅር «አዎ፣ አጎቱ ነኝ» ቢል ማመልከቻው ይሰናከላል። በሌላ በኩል የክርስትና አባት የሥጋም የጋብቻም ዘመድ ስላልሆነ ክልከላው አይነካውም። ቤተሰቡን በቅርብ የሚያውቅ፣ ልጁንም በእጁ የያዘ ሰው ከዚህ የተሻለ ከየት ይገኛል?

ታዲያ ምስክር ለምን? የልደት ምስክር ወረቀት ፎቶ የለውም፤ በእንግሊዝና በዌልስ ደግሞ ክፍያውን የከፈለ ማንኛውም ሰው የማንንም የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂ ማዘዝ ይችላል። ፍሬድሪክ ፎርሳይት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው «የጃካል ቀን» በተባለው ልብ ወለድ ነፍሰ ገዳዩ ፓስፖርት ያወጣው በሕፃንነቱ በሞተ ልጅ የልደት ወረቀት ነበር። ከ2007 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፓስፖርት የሚያወጣ አዋቂ ለቃለ መጠይቅ ሊጠራ ይችላል፤ ሕፃን ግን ምን ተብሎ ይጠየቃል? ዛሬ ፊትን የሚያነጻጽር ኮምፒውተር እያለ የጎረቤት ፊርማ ምን ይሠራል የሚሉም አሉ። ኮምፒውተሩ ግን አዲሱን ፎቶ የሚያነጻጽርበት የቀድሞ ፎቶ ይፈልጋል። ለመጀመሪያ ፓስፖርት ይህ የለም፤ በእድሳት ጊዜም የአራስ ፊትና የአምስት ዓመት ልጅ ፊት እጅግ ይለያያሉ። ልጁን ሲያድግ ያየ ሰው ምስክርነት ለጊዜው ምትክ የለውም። ልጅ በአንድ ወላጅ ወይም በባዕድ ሰው ተሰርቆ ከአገር እንዳይወጣ ከሚያግዱት መሰናክሎችም አንዱ ይኸው ነው።

ችግሩ ያለው መሥሪያ ቤቱ ማንን ያምናል በሚለው ላይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ፓስፖርት የሚሰጠው ባለሥልጣኑ ለሚያውቀው ሰው ወይም እንደ ባንክ ባለቤት ያለ የተከበረ ሰው ለመሰከረለት ነበር። ፎቶ የተጨመረው በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። የዛሬው የሙያ ዝርዝር የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ጠበቃ፣ ነርስ፣ መምህር፣ የሃይማኖት አባት አሉበት፤ የመጠጥ ቤት ባለ ፈቃድና ቀብር አስፈጻሚም አሉበት። የአውቶቡስ ሹፌርና አዛውንቶችን ቤት ለቤት የምትንከባከብ ሠራተኛ ግን አይገኙበትም። እውነት ነው፣ ደንቡ ከሙያው ሌላ «በማኅበረሰቡ ዘንድ መልካም ስም ያለው ሰው» የሚል ሰፊ በር ትቷል። ነገር ግን ይህ በር በዝርዝሩ ስለተጋረደ፣ ቅጹን የሚያነብ ሰው ዝርዝሩን አይቶ ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል። ይህ በስደተኛ ቤተሰብ ላይ ሲወርድ ይከፋል። ከ1983 ወዲህ ብሪታንያ ውስጥ የተወለደ ልጅ ዜግነት የሚያገኘው ከወላጆቹ አንዱ ዜጋ ወይም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሲሆን ነው። እንግዲህ ቋሚ ፈቃድ ብቻ ያላት እናት የወለደችው ልጅ ከተወለደበት ዕለት ጀምሮ ዜጋ ነው፤ እሷ ግን ገና አይደለችም፤ አብረዋት የተሰደዱት ወዳጆቿም ያው እንደ እሷ ናቸው። ልጇን ያጠመቁት ቄስ ሙያቸው ዝርዝሩ ውስጥ ቢኖርም፣ የያዙት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ ከሆነ ለንደን ሆነው ሊፈርሙላት አይችሉም።

ዝርዝሩ ቢነሳ አጭበርባሪ አይበዛም ወይ? ይህ የሚናቅ ጥያቄ አይደለም፤ መልሱ ግን ካናዳ ውስጥ አለ። ካናዳም እንዲህ ያለ የሙያ ዝርዝር ነበራት፤ በጥቅምት 2007 ግን ትታው፣ አመልካቹን 2 ዓመት የሚያውቅ የካናዳ ፓስፖርት ያለው ማንኛውም አዋቂ እንዲፈርም ፈቀደች። ከዚያ ወዲህ ወደ አሮጌው ዝርዝር አልተመለሰችም። ምስክሩን እንዳይዋሽ የሚይዘው የፓስፖርት ቁጥሩ መመዝገቡ፣ ተፈልጎ ሊጠየቅ መቻሉና ቅጣቱ እንጂ ማዕረጉ አይደለም። እንዲያውም በፎርሳይት ልብ ወለድ ነፍሰ ገዳዩ ፊርማውን አስመስሎ የፈረመለት ምስክር ቄስ ነበር፤ ማኅተሙንም ራሱ ሠርቶ መታው። አሜሪካኖች በበኩላቸው ጎረቤቱን ትተው 16 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ከሁለቱም ወላጆቹ ጋር በአካል እንዲቀርብ ያደርጋሉ፤ ያልቀረበው ወላጅ ፈቃዱን በኖተሪ ፊት ፈርሞ ይልካል። ይህም መንገድ ነው፤ ባል ለሌላት ወይም ባሏ ለራቃት እናት ግን ቀላል አይደለም።

ብሪታንያ ዝርዝሩን እስክትተው ድረስ ግን ሸክሙን ማቅለል የሚችሉት ቀድመው ፓስፖርት ያገኙ ወገኖች ናቸው። የታወቀ ማኅበር ሊቀመንበርና ጸሐፊ ዝርዝሩ ውስጥ አሉ፤ በወጉ የተቋቋመ የዕድር ወይም የኮሚዩኒቲ ማኅበር መሪ ቤተሰቡን በቅርብ ካወቀ ለመፈረም ጥሩ ሰው ነው። ብዙዎች የሚሸሹት ነገ ዕዳ ይመጣብኛል ብለው ነው። ፈራሚው ግን ለወላጁ ዕዳም ሆነ ጠባይ አይጠየቅም። የሚያስቀጣው እያወቁ ሐሰት መመስከር ነው፤ ቅጣቱም በ1925ቱ ሕግ እስከ 2 ዓመት እስራት ይደርሳል። ስለዚህ ለማታውቁት ሰው ልጅ፣ ማንም ቢለምናችሁ፣ አትፈርሙ። የምታውቁት ሰው ሲጠይቃችሁ ግን የራሳችሁ ፓስፖርት ጊዜው አለማለፉን አይታችሁ ፈርሙለት፤ ከመሥሪያ ቤቱ የሚላክላችሁን ኢሜልም ሳትዘገዩ መልሱ።