የወርክሾፕ ክሬን

የወርክሾፕ ክሬን በጋራዥ ወይም በብረታ ብረት ሥራ ቤት ውስጥ ሰው ሊሸከመው የማይችለውን ዕቃ፣ ለምሳሌ የመኪና ሞተር፣ ጀነሬተር ወይም ቶርኖ ለማንሳትና ለማዘዋወር የሚያገለግል አነስተኛ ማንሻ ነው። ብዙ ባለሙያዎች ከመግዛት ይልቅ በገበያ ከሚገኝ ብረት ራሳቸው ይሠሩታል። በዚህ መንገድ ከሚሠሩት መካከል በጣም የተለመደው ጋንትሪ ክሬን ነው፤ ከፊት ሲታይ «በ» ፊደልን፣ ከጎን ሲታይ ደግሞ «ለ» ፊደልን ይመስላል።

ጋንትሪ ክሬን አንድ አግዳሚ ብረት፣ አግዳሚውን የሚሸከሙ ሁለት ጥንድ እግሮች፣ በአግዳሚው ላይ የሚንሸራተት ጋሪ፣ ከጋሪው የሚንጠለጠል የሰንሰለት ማንሻና ከእግሮቹ ሥር የሚገቡ ጎማዎች አሉት። ሠሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ አግዳሚው ነው። ነገር ግን ስሌቱ እንደሚያሳየው በተገቢው መጠን የተመረጠ አግዳሚ ከሌሎቹ ክፍሎች ያነሰ ሥጋት ያለበት ነው።

የአግዳሚው ስሌት

ለአግዳሚነት የሚመረጠው የላቲኑን «አይ» ፊደል የሚመስል ቅርጽ ያለው ብረት ነው። ጭነቱ መሐል ላይ ሲሆን በአግዳሚው ላይ የሚደርሰው የማጉበጥ ኃይል ክብደቱ በርዝመቱ ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል የሚገኘው ነው። ይህን ለማስላት ኮምፒውተር አያስፈልግም።

ማንሻውንና ጋሪውን ጨምሮ 500 ኪሎ ግራም የሚሸከም፣ በእግሮቹ መካከል 3 ሜትር ርዝመት ያለው ክሬን እንውሰድ። ክብደቱ 4.9 ኪሎ ኒውተን ያህል ስለሆነ የማጉበጥ ኃይሉ 3.7 ኪሎ ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል። ቁመቱ 120 ሚሊ ሜትር የሆነው «አይ ፒ ኢ 120» የተባለው ብረት በዚህ ኃይል 69 ሜጋ ፓስካል ያህል ውጥረት ያድርበታል። ተራ የግንባታ ብረት እንደታጠፈ መቅረት የሚጀምረው በ235 ሜጋ ፓስካል አካባቢ ስለሆነ ከሦስት እጥፍ በላይ ትርፍ አቅም አለ። መሐሉም ወደ ታች የሚጎብጠው 4 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ርዝመቱ ወደ 6 ሜትር ቢያድግ ግን ነገሩ ይለወጣል። ውጥረቱ በእጥፍ ሲጨምር ጉብጠቱ በ8 እጥፍ አድጎ 33 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በዚያ ላይ ረጅምና ቀጭን አግዳሚ ወደ ጎን ተጠምዝዞ ሊወድቅ ይችላል። «ትንሽ ይርዘም» የሚለው ሐሳብ ስለዚህ አዲስ ስሌት ይጠይቃል። ሁለት አጫጭር ብረቶችን መሐል ላይ በብየዳ ቀጥሎ አግዳሚ ማድረግ ደግሞ ፈጽሞ አይመከርም፤ ከላይ ያማረ ብየዳ ውስጡ ሳይዋሐድ ሊቀር ይችላል፤ መሐሉም ከፍተኛው ውጥረት ያለበት ቦታ ነው።

እግሮችና ጎማዎች

አግዳሚውና እግሩ የሚገናኙበት ማዕዘን ሰያፍ ድጋፍ ከሌለው ክሬኑ ሲገፋ «በ» ቅርጹን አጥቶ ወደ ጎን ይዘማል። ስለዚህ በሁለቱም ማዕዘኖች ሰያፍ ብረት ይገባል። መገጣጠሚያው በብሎን ቢሠራ ክሬኑን ፈትቶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ብሎኖቹ ግን ራሳቸው ላይ 8.8 የሚል ምልክት ያላቸው ጠንካራ ዓይነት መሆን አለባቸው።

የ«ለ» እግሩ ስፋት ክሬኑ እንዳይገለበጥ የሚወስነው ነው። ጭነቱ ከአግዳሚው በስተጎን ሆኖ ሰንሰለቱ ከቀጥታ መስመር 10 ዲግሪ ቢያዘነብል፣ በ500 ኪሎ ግራም ጭነት ላይ አግዳሚውን ወደ ጎን የሚስበው ኃይል ከ88 ኪሎ ግራም ክብደት ጋር ይተካከላል። አግዳሚው 2.5 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆንና የእግሮቹ ስፋት 80 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን፣ እንዳይገለበጥ የሚይዘው የክሬኑ የራሱ ክብደት ብቻ ይሆናል። ስፋቱ 1.5 ሜትር ሲሆን ይህ ችግር ይቀንሳል። ዕቃን በክሬን ወደ ጎን መጎተት የሚከለከለውም ለዚህ ነው።

ጋሪው ወደ አንድ ጫፍ ሲጠጋ ጭነቱ ከሞላ ጎደል በሁለት ጎማዎች ላይ ያርፋል። ክብደቱን ለአራት አካፍሎ ጎማ መግዛት ስህተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ወለሉም ሙሉ በሙሉ ለጥ ያለ ስለማይሆን እያንዳንዱ ጎማ ቢያንስ ከጭነቱ ግማሽ በላይ መሸከም መቻል አለበት። በጋሪው መንገድ ጫፎች ላይ ማቆሚያ ብረት ይታሰራል።

ማንሻውና ማሰሪያው

በእጅ የሚሳብ የሰንሰለት ማንሻ መብራት ቢጠፋም ይሠራል፤ ሰንሰለቱ ሲለቀቅም ፍሬኑ ጭነቱን ባለበት ይይዘዋል። ከጭቃ መኪና ለማውጣት የሚያገለግለው የኤሌክትሪክ መጎተቻ ግን በአየር ላይ የተንጠለጠለን ጭነት እንዲይዝ ስላልተሠራ ለክሬን አይሆንም። ሰንሰለቱም ለማንሳት ተብሎ የተሠራ፣ ለምሳሌ ደረጃ 80 የተባለው መሆን ይኖርበታል። ለበር መቆለፊያ የሚሸጥ ሰንሰለት የቱንም ያህል ቢወፍር አይተካውም።

ዕቃው በሁለት ማሰሪያ ሲንጠለጠል ደግሞ ማዕዘኑ ወሳኝ ነው። ማሰሪያዎቹ ከአግድም መስመር 60 ዲግሪ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው የጭነቱን 58 በመቶ ይሸከማሉ። ወደ 30 ዲግሪ ከተዘረጉ ግን እያንዳንዱ ማሰሪያ ሙሉውን ጭነት የመሸከም ያህል ይወጠራል።

ሙከራ

አዲስ ክሬን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከተወሰነለት ክብደት በላይ፣ ነገር ግን ከ125 በመቶ ባልበለጠ ጭነት ይሞከራል። ለ500 ኪሎ ግራም ክሬን ይህ 625 ኪሎ ግራም ነው። የውሃ በርሜል ለዚህ ይመቻል፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ስለሆነ ክብደቱን መገመት አያስፈልግም፤ የበርሜሎቹ፣ የማንሻውና የጋሪው ክብደት ግን መደመር አለበት። ጭነቱ ከመሬት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ይላል፤ መጀመሪያ መሐል ላይ፣ ቀጥሎ በሁለቱ ጫፎች። ከሥሩ ማንም አይቆምም። ከወረደ በኋላ አግዳሚው ወደ ቀድሞ ቦታው ካልተመለሰ ወይም ብየዳው ላይ ስንጥቅ ከታየ ክሬኑ አገልግሎት ላይ አይውልም። ካለፈ የሚሸከመው ክብደት ከሩቅ በሚነበብ ቁጥር በአግዳሚው ላይ ይጻፋል።

ከዚያ በኋላ በየጊዜው የሚታየው በዋናነት መንጠቆው ነው። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ መሠረት አፉ ከመጀመሪያው ስፋት ከ15 በመቶ በላይ የተከፈተ ወይም ከ10 ዲግሪ በላይ የተጠማዘዘ መንጠቆ ከሥራ ይወጣል። አፉ መለካት የሚችለው ግን አዲስ ሳለ ስፋቱ ተለክቶ ከተመዘገበ ነው። የተከፈተ መንጠቆ በእሳት ተግሎና ተቀጥቅጦ አይመለስም፤ በአዲስ ይተካል።