የዓሣ ዘይት እንክብል ለመርሳት መድኃኒት ነውን?

በመድኃኒት ቤት መስኮት ደጋግሞ ከሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች አንዱ «እህቴ፣ አባታችን እየረሱ ተቸግረናል፤ የዓሣ ዘይት እንክብል አእምሮን ያድሳል ይባላል፤ ይኖርሻል?» የሚል ነው። ይህ ተስፋ ከየት እንደመጣ ማወቅ ገንዘብንም ጊዜንም ያድናል።

አንዱ ምንጩ የአይጥ ሙከራ ነው። በጃፓን የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቶሎ የሚያረጁ የአይጥ ዘሮችን አርብተው በ1981 እ.ኤ.አ. አስታወቁ። ከእነዚህ ሳምፕ-8 የተባለው ዘር ገና ሳያረጅ መማር ያቅተዋል። ፈተናው እንዲህ ነው፦ በውኃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ፣ ከውኃው ወለል ጥቂት ዝቅ ብሎ የማይታይ መቆሚያ ይደረጋል። ጤነኛ አይጥ በጥቂት ቀናት ልምምድ ቦታውን ለይቶ በቀጥታ ይዋኛል። አእምሮው የደከመው ግን ዛሬም እንደ ትናንቱ ሲዞር ይቆያል።

በ2006 እ.ኤ.አ. ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ዲሲፒ-ኤልኤ የተባለ ውህድ ለሳምፕ-8 አይጦች ሰጥተው የመማር ችሎታቸው መሻሻሉን ዘገቡ። የውህዱ መነሻ በኑግና በሱፍ ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሊኖሌይክ አሲድ ነው። ነገር ግን ቅርጹ በኬሚስቶች ተለውጧል። ስለዚህ የኑግ ዘይት መጠጣት ያንኑ ሥራ ይሠራል ማለት አይደለም።

በሰውስ? በዓሣ ዘይት ውስጥ ያለው ዲኤችኤ የተባለ ቅባት አሲድ በአሜሪካ የአልዛይመር በሽታ ባለባቸው 402 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በቀን 2 ግራም ለ18 ወራት የወሰዱት ሰዎች፣ መድኃኒት የሌለበት እንክብል ከተሰጣቸው የተለየ ጥቅም አላገኙም። የላቦራቶሪ አይጦች ዘራቸው፣ ምግባቸውና ዕድሜያቸው አንድ ዓይነት ነው። የሰው በሽታ ግን ለዓመታት ተደብቆ የቆየ፣ ብዙ መንስኤ ያለው ነው።

ስለዚህ እንክብሉን ከመግዛታችሁ በፊት አባታችሁን ሐኪም ዘንድ ውሰዱ። መርሳት ከቫይታሚን ቢ-12 እጥረት፣ ከእንቅርት ዕጢ መታወክ፣ ከድብርት ወይም ከሚወስዱት መድኃኒት ሊመጣ ይችላል፤ እነዚህ ደግሞ የሚታከሙ ናቸው። የሚወስዱትን ክኒን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። በተለይ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር የዓሣ ዘይት እንክብል አይጀምር፤ የመድማት አደጋ ሊጨምር ይችላልና። የእንክብሉ ሽፋን ጄላቲን ከሆነም ከምን እንስሳ እንደተሠራ ጠይቁ፤ ከአሣማ የሚሠራ አለና።

ዓሣውን በማዕዳችሁ ብሉት፤ መልካም ምግብ ነው። ምርመራውን ግን አይተካም።