ስንት ትሠራለህ? ስለ ፑሻፕ፣ ስለ ብረትና ስለ ጉልበት ተረትና እውነታ

በወላይታ ቦዲቲም ሆነ ሶዶ፣ ስፖርት የሚሠሩ ወጣቶች ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥላ የምትመጣው ጥያቄ "ስንት ትሠራለህ?" ናት። አንዱ "60 ፑሻፕ" ይላል፤ ሌላው "80 ኪሎ ቤንች" ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ወዲያ ክርክሩ ይጦፋል። የሚገርመው፣ 60ው በምን ዓይነት አወራረድ እንደተቆጠረ፣ 80ውም በየትኛው ሚዛን እንደተመዘነ የሚጠይቅ መጥፋቱ ነው። ጉልበትን በቁጥር ማወዳደር ይቻላል። ቁጥሩ የምን ቁጥር እንደሆነ ካልታወቀ ግን ሽማግሌ ቢቀመጥበትም ክርክሩ አይፈታም።

"ፑሻፕ የበዛለት እሱ ጠንካራ ነው"

ፑሻፕ የሚሠራ ሰው የሚገፋው ሙሉ ክብደቱን አይደለም፤ ከፊሉን እግሩ ይሸከምለታል። ተመራማሪዎች ይህን ደጋግመው ለክተውታል። በተለመደው አሠራር እጅ ላይ የሚያርፈው ከሰውነት ክብደት 65 በመቶ ያህሉ ሲሆን፣ ደረት ወደ መሬት ሲቀርብ እስከ 75 በመቶ ይደርሳል። ጉልበቱን መሬት አስነክቶ የሚሠራ ሰው ግማሽ ክብደቱን ብቻ ይገፋል። እጁን 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው አግዳሚ ላይ ያሳረፈ ደግሞ 40 በመቶ አካባቢ ነው የሚደርሰው። በተቃራኒው እግሩን አግዳሚው ላይ ከሰቀለ ጭነቱ ወደ 75 በመቶ ይጠጋል።

ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። መንገድ ዳር የሰው ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች ለአንዱ ሁለት ሰው የሚመዘንበትን ሒሳብ ከፍሎ ሚዛኑን ለአምስት ደቂቃ መዋስ ይበቃል። መጀመሪያ ቆሞ መመዘን፤ ቀጥሎ ሁለት እጅን ሚዛኑ ላይ አሳርፎ፣ እግርን ዘርግቶ፣ ወገብን ቀጥ አድርጎ መቆየት፤ ቁጥሩን ሌላ ሰው ያነበዋል። የሚዛኑ ፊት ከጠበበ ጣውላ ጣል አድርጎ በኋላ የጣውላውን ክብደት መቀነስ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 39 ኪሎ አካባቢ ያገኛል፣ 85 ኪሎ የሚመዝነው ጓደኛው ደግሞ 55። እንግዲህ ቀጭኑ 40 ጊዜ፣ ወፍራሙ 30 ጊዜ ቢሠሩ ማን በለጠ? በብዛት ከሄድን ቀጭኑ። የተገፋውን ኪሎ በብዛቱ ካባዛነው ግን ቀጭኑ 1,560፣ ወፍራሙ 1,650 ይመጣለታል። ሁለቱም መልስ ትክክል ነው፤ ጥያቄው ግን አንድ አይደለም።

ሌላው ጣጣ አቆጣጠሩ ነው። ክንዱን አጠፍ ዘርጋ እያደረገ ራሱን ብቻ የሚነቀንቅ፣ ወገቡ የሚንጠለጠል፣ ላይ ሲደርስ ቆሞ ትንፋሹን የሚሰበስብ፣ ሁሉም እኩል "አንድ" እየተባለ ይቆጠርለታል። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ያለ ስምምነት የተቆጠረ 60 ፑሻፕ ከ25ም ሊያንስ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከደረት ሥር የሰው ጡጫ ይቀመጥ፣ ደረት ጡጫውን ካልነካ አይቆጠር፣ ክንድ ላይ ሙሉ በሙሉ ካልተዘረጋ አይቆጠር፣ ፍጥነቱም በጭብጨባ ይመራ። ይህን ሕግ ያወጣ ግቢ በመጀመሪያው ቀን ብዙ ጀግና ይከስርበታል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ 60 ጊዜ መሥራት የሚለካው በአብዛኛው ጽናትን ነው። ጃፓናዊው ሚኖሩ ዮሺዳ በ1980 እ.ኤ.አ. ሳያቋርጥ 10,507 ፑሻፕ ሠርቷል። ይህ ግን በዓለም ላይ ከባዱን ብረት የሚገፋ ሰው አያደርገውም። አየሩም የራሱ ድርሻ አለው። ቦዲቲ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በ20 በመቶ ያህል ያንሳል። ከጋምቤላ ቆላ የመጣ እንግዳ ረጅም ዙር ሲሠራ ቶሎ ሊያለከልክ ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚነሳ ከባድ ብረት ግን በጥቂት ሰከንድ ስለሚያልቅ የኦክስጅን ማነስ ብዙም አያግደውም።

"40 ፑሻፕ የሠራ ልቡን አይታመምም"

ይህች ወሬ በስልክ በስልክ ትዞራለች፤ መነሻ ግን አላት። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት በኢንዲያና ግዛት የሚሠሩ 1,104 ወንድ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ለአሥር ዓመት ተከታትሎ፣ ከ40 በላይ ፑሻፕ የሠሩት 10 እንኳ ካልሞሉት ጋር ሲነጻጸሩ የልብና የደም ሥር ችግር እጅግ ያነሰ እንደደረሰባቸው አሳይቷል። ነገር ግን ብዙ የሠሩት ሰዎች ከመነሻው ወጣትና ቀጠን ያሉ ነበሩ። ፑሻፑ የጤንነታቸው ምልክት ሆኖ ተገኘ እንጂ ልባቸውን የጠበቀው እሱ ለመሆኑ ማስረጃ አልቀረበም። የደም ግፊት ያለበት ሰው መድኃኒቱን ትቶ ፑሻፕ ቢቆጥር ያው አደጋው እንዳለ ነው።

"ብረቱ 80 ኪሎ ነው"

በማን ሚዛን? በቦዲቲም እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ከተሞች የሰፈር ብረት የሚሠራው የቀለም ጣሳ በሲሚንቶ፣ በአሸዋና በጠጠር ተሞልቶ፣ መሐሉ ላይ የብረት ቱቦ ተተክሎ ነው። ብልሃቱ ግሩም ነው፤ ችግሩ ክብደቱ በዓይን መገመቱ ላይ ነው። በደንብ የተጠቀጠቀ ኮንክሪት በሊትር ከ2.3 እስከ 2.4 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ አንድ የ4 ሊትር ጣሳ ቢሞላ ከ9 ኪሎ ትንሽ አለፍ ይላል፤ ጠጠር የሌለው የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ ከሆነ ከዚያም ይቀልላል። የ20 ሊትር ባልዲ የሞላ ግን ብቻውን ወደ 47 ኪሎ ይጠጋል! "ሃያ" ተብሎ የሚጠራ ጣሳ ሃያ ላይሆን፣ የግራውና የቀኙም እኩል ላይሆን ይችላል። አንዱ ጫፍ 2 ኪሎ ከበለጠ ቤንች ላይ የተኛው ልጅ ከጉልበቱ ይልቅ ከሚዛን መጠበቁ ጋር ይታገላል። የእህል መጋዘን ሚዛን ላይ አንድ ጊዜ ወስዶ መዝኖ፣ ክብደቱን በቀለም ጣሳው ላይ መጻፍ ዓመቱን ሙሉ ከሚቆይ ጭቅጭቅ ያድናል።

በትልልቅ ከተሞች ጂምም ነገሩ ያው ነው። ደረጃውን የጠበቀው ረጅም የወንዶች ብረት ባዶውን 20 ኪሎ፣ የሴቶቹ 15 ኪሎ ነው። አንዱ ይህን ይደምራል፣ ሌላው የጎን ክብደቶቹን ብቻ ይቆጥራል። በየጂሙ ያሉት አጫጭርና ቀጫጭን ብረቶች ደግሞ ከዚህ በጣም ይቀልላሉ። እና 80 ያለው ልጅ 60 ሊሆን፣ 60 ያለው 80 ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

"30 ጊዜ ስለምገፋው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን እጥፉን አነሳለሁ"

ድግግሞሽን ወደ ከፍተኛ ጉልበት የሚቀይሩ ቀመሮች በእርግጥ አሉ። አሜሪካዊው አሠልጣኝ ቦይድ ኤፕሊ በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ድግግሞሹን ለ30 አካፍሎ አንድ ደምሮ በክብደቱ ማባዛት ነው። ማት ብርዚኪ በ1993 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ደግሞ ክብደቱን በ36 አባዝቶ፣ ከ37 ላይ ድግግሞሹ ተቀንሶ ለሚተርፈው ማካፈል ነው። 60 ኪሎ 10 ጊዜ ለገፋ ሰው ሁለቱም ልክ 80 ኪሎ ይሉታል። ለ20 ጊዜ ሲሆን ኤፕሊ 100፣ ብርዚኪ 127 ይላሉ። በ30 ላይ ኤፕሊ 120 ሲል ብርዚኪ ከ308 ኪሎ በላይ ያወጣል፤ 308 ኪሎ ደግሞ በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ብቻ የሚገፉት ነው። ቀመሮቹ የተሠሩት ለጥቂት ድግግሞሽ ነው፤ ከ10 በላይ ሲሄዱ አይታመኑም። ከፍተኛውን ጉልበቱን መገመት የሚፈልግ ሰው ከ3 እስከ 6 ጊዜ ብቻ የሚችለውን ክብደት መርጦ፣ ብረቱን የሚቀበለው ሰው ራስጌው አቁሞ ይሞክር። ብቻውን ቤንች ላይ ተኝቶ መጨረሻውን የሚፈትን ሰው ደረቱ ላይ የሚቀርበትን ብረት ማን ያነሳለታል?

"ትልቁ ሰው ሁልጊዜ ይበልጣል"

በጠቅላላ ክብደት አዎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል። ጆርጂያዊው ላሻ ታላካዜ በ2021 እ.ኤ.አ. 267 ኪሎ ከመሬት አንስቶ ከራሱ በላይ አቁሟል፤ እሱ ራሱ ግን ከ170 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ቱርካዊው ናይም ሱለይማኖግሉ በ1988 እ.ኤ.አ. በሴኡል ኦሊምፒክ በ60 ኪሎ ምድብ ተወዳድሮ 190 ኪሎ አነሳ፤ ከራሱ ክብደት ሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ምክንያቱ ተፈጥሯዊ ነው። የጡንቻ ጉልበት የሚያድገው በውፍረቱ ስፋት ልክ ሲሆን፣ የሰውነት ክብደት ግን በይዘት ስለሚያድግ ይቀድመዋል። ለዚህ ነው ቀጫጭን ልጆች በፑል አፕ ወፍራሞቹን የሚያሳፍሩት። ወፍራሙ ልጅ ቅር አይበለው፤ 90 ኪሎ ሆኖ አንድ ፑል አፕ የሠራ፣ 60 ኪሎው ልጅ ወገቡ ላይ 30 ኪሎ አስሮ የሚሠራውን ያህል ስቧል። እንዲያውም ለፍትሐዊ ውድድር ይሄኛው ይሻላል፦ የራስን ክብደትና የታሰረውን ደምሮ ማን ብዙ ሳበ፣ ለራሱ ክብደት ሲካፈልስ ማን በለጠ ብሎ ሁለቱንም መጻፍ።

"ፑሻፕ ጡንቻ አያወጣም፣ ብረት ደግሞ ቁመት ያስቀራል"

ሁለቱ ተረቶች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ናቸው፤ ልጁን ከሁለቱም ያስቀሩታል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የስፔን ተመራማሪዎች ጥናት፣ በላስቲክ ገመድ የከበደ ፑሻፕና ተመጣጣኝ ክብደት ያለው ቤንች ለአምስት ሳምንት የሠሩ ሰዎች የጉልበት ጭማሪያቸው ተመሳሳይ ሆኖ አግኝቶታል። ጡንቻው የሚያውቀው ጭነትና ድካም ነው። ቀላል ጭነት እንኳ እስከ ድካም ጫፍ ከተሠራ ጡንቻ ያሳድጋል፤ ለከፍተኛ ጉልበት ግን ከባዱ ይሻላል። ስለዚህ 60 የደረሰ ልጅ 80 ከሚል ይልቅ እግሩን ከፍ ያድርግ፣ ወይም መጽሐፍ የሞላበት ቦርሳ ይሸከም።

ቁመትን በተመለከተ፣ በአሠልጣኝ እየታየ በልኩ የሚሠራ ክብደት የታዳጊን ዕድገት እንደሚያስቆም ማስረጃ የለም። አደጋ የሚመጣው ብረት ሲወድቅና ልጆች ያለ ዕድሜያቸው ከፍተኛውን ለማንሳት ሲፎካከሩ ነው።

"ኩንታል ለሚሸከም ጂም ምን ያደርግለታል?"

እዚህ ላይ ተረቱ ግማሽ እውነት አለው። 100 ኪሎ እህል ተሸክሞ መኪና ላይ የሚያወጣ ጫኝና አውራጅ የወገቡና የእግሩ ጽናት የሚያስቀና ነው። ነገር ግን ኩንታሉን ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው አንስቶ ጀርባው ላይ ያሳርፍለታል፤ እሱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከመሬት አንስቶ ከራስ በላይ ማቆም ሌላ ሥራ ነው። ሰውነት የሚጠነክረው በሚደጋግመው እንቅስቃሴ ነውና ያው ጫኝ ቤንች ላይ ቢተኛ በአንድ ተማሪ ሊበለጥ ይችላል። ተማሪውም በበኩሉ ኩንታሉን ይዞ አሥር እርምጃ ላይራመድ ይችላል። ውኃ የሞላ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት 20 ኪሎ ነው፤ በየቀኑ ዳገት ለዳገት የምታመላልሰውን እህታችንን "ሴት ብረት አትችልም" የሚላት ሰው ጀሪካኑን አንድ ቀን ይቀበላት።

"ጥሬ ሥጋና ጥሬ እንቁላል ጉልበት ይሰጣል"

በወላይታ ጥሬ ሥጋን በዳጣ መብላት ክብር ነው፤ ለጣዕሙ ከሆነ የምከራከረው የለኝም። ለጡንቻ ከሆነ ግን የበሰለውም ያንኑ ፕሮቲን ይሰጣል፣ የኮሶ ትልም አያስከትልም። እንቁላሉ ላይማ ልዩነቱ የጎላ ነው። በተደረገ ልኬት ሰውነት ከበሰለ እንቁላል ፕሮቲን 90 በመቶ ያህሉን ሲጠቀም፣ ከጥሬው የተጠቀመው ከግማሽ ብዙም አላለፈም። ጠንክሮ ለሚሠራ 65 ኪሎ ልጅ በቀን 100 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይበቃዋል። ቆጮ ኃይል ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ ጥቂት ነው፤ አጠገቡ የሚቀርበው ቦሎቄ ግን ደረቁ 100 ግራም ከ20 ግራም በላይ ይይዛል፣ ዋጋውም ከሥጋ ጋር አይወዳደርም።