አፍ ከመፈታቱ በፊት

ሕፃን መናገር ሲጀምር በአገራችን «አፉን ፈታ» ይባላል። አባባሉ ያማረ ነው፤ ነገር ግን አፍ ከመፈታቱ አስቀድሞ ዓይንና ጆሮ ብዙ መድከማቸውን አይነግረንም። ስለዚህ ሕፃን ቃልን ከዕቃና ከተግባር ጋር እንዴት እንደሚያገናኝ በዛሬው ጽሑፋችን ጥቂት ለማመልከት አስበናል።

ከጎንደር ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የወረደ መንገደኛ አዲ አርቃይን ያገኛል። በዚያም እንደ ሌላው አገር ሁሉ እናት ለልጇ ቃል ለማስተማር ብላ የምትመድበው ሰዓት የለም። ቁራሽ እንጀራ ስትሰጥ ለወንዱ «እንካ»፣ ለሴቲቱ «እንኪ» ትላለች። እጇ ይዘረጋል፣ ቃሉ ይሰማል፣ እንጀራው ይታያል። ሦስቱ በአንድ ጊዜ ይደርሳሉና ሕፃኑ ያገናኛቸዋል።

አማርኛችን ደግሞ ለየነገሩ የየራሱን ተግባር የመደበ ቋንቋ ነው። እንጀራ ይጋገራል፣ ቡና ይፈላል፣ ጠላ ይጠመቃል፤ ልብስ ይለበሳል፣ መቀነት ይታጠቃል፣ ቆብ ይደፋል። ልጅ «ጠላ ጋገረች» ቢል ቤተ ሰቡ ስቆ ያርመዋል። ትክክለኛውን የሚያገኘው ግን ከመጽሐፍ አይደለም፤ ሊጡ በምጣድ ላይ ሲዞር እያየ፣ ቃሉን እየሰማ ነው።

የውጭ አገር ሊቃውንትም ነገሩን መርምረውታል። እ. ኤ. አ. በ2012 የታተመ የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ ከ6 እስከ 9 ወር የሆናቸው ሕፃናት የምግብ ወይም የአካል ክፍል ስም ሲጠራ ወደ ተጠራው ሥዕል እንደሚመለከቱ አሳይቷል። በ1990ዎቹ መጀመሪያም ዴር ቦልድዊን የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ ዓመት ተኩል ገደማ የሆነው ልጅ አዲስ ስም ሲሰማ የተናጋሪውን ዓይን ተከትሎ ስሙ የየትኛው ዕቃ እንደ ሆነ እንደሚለይ አስረድተዋል። እንግዲህ ቃል የሚጸናው ሁለት ሰዎች አንድን ነገር አብረው ሲመለከቱ ነው ማለት ነው።

የኔታም ፊደል ሲያስቆጥሩ ልጁ እያንዳንዱን ፊደል በስንደዶ እየነካ እንዲጠራ ማድረጋቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በ«ኦ» ክፍል የሚያስተምር ወጣት መምህርም «ሎሚ» የሚለውን ቃል በሰሌዳ ጽፎ ሃምሳ ጊዜ ከሚያስጮህ፣ አንድ ሎሚ ይዞ ቢገባና ሕፃናቱ ቢያሸቱት፣ ቢቆርጡት፣ ቢጨምቁት አራት ቃል በአንድ ቀን ባተረፉ ነበር።

ከቢሮ ተመልሶ ዓይኑን በስልኩ ላይ የሚተክል ወጣት አባትም ይህን ያስብ። ልጁ በጣቱ ወደ ጨረቃ ሲያመለክት ቀና ብሎ አብሮት ማየትና «ጨረቃ» ማለት ገንዘብ አይጠይቅም። አባት ካላየ ግን ጣቱ ባዶውን ይመለሳል።